የሌላ ማኪና ጎማ

በደርግ ዘመን ጎንደር ከተማ ውስጥ የከብት ክትባት ማኪና እነዳ ነበር። ማኪናዋ የእንግሊዝ ሥሪት ነች፤ አጭር፣ ጣሪያዋ ሸራ፣ ወንበሯ የተቀዳደደ፣ ዳገት ላይ ግን የማታሳፍር። አብሮኝ የሚወጣው የከብት ሐኪም በዐሥር ዓመት ይበልጠኛል። ዶክተር አልነበረም፤ ገበሬው ሁሉ ዶክተር ስለሚለው ግን እኔም ዶክተር እለዋለሁ። ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ይዘን ከእንፍራንዝ እስከ ዛሪማ ድረስ ያልገባንበት ቀበሌ አልነበረም።

በዚያ ዓመት ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ከቆላ ወደ ደጋ እየወጣ ነው ተባለ። ደስታ የገባበት በረት በሳምንት ውስጥ ባዶውን ይቀራል። ለምን በዚህ ስም እንደሚጠራ አንድ ሽማግሌ ብጠይቅ፣ «ክፉን በስሙ ከጠሩት ይመጣል፤ በሸጋ ስም ከጠሩት ያፍራል» አሉኝ። አላፈረም።

እኛ ግን መውጫ አልነበረንም። የማኪናዋ ጎማዎች ጥርሳቸው አልቆ፣ የሁለቱማ የውስጥ ክር ብቅ ብሎ ነበር። አዲስ ጎማ እንዲሰጠን ያልጻፍነው ደብዳቤ፣ ያልቆምንበት በር አልነበረም። መልሱ ሁልጊዜ «ይጠብቁ» ነው። በመጨረሻ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ፣ ከአዘዞ መንገድ ዳር ካለው ግቢ ገብተን፣ ከተወገዱት ማኪናዎች ላይ የሚሆነንን እንድንፈታ የሚል ወረቀት ጻፈልን።

የሚሆነንና የማይሆነንን ለይቶ የሚያውቅ ሰው ያስፈልገኝ ስለነበር ጎሚስታውን ይዤ ሄድኩ። እኚህ ሰው ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ባለ አንድ ጠባብ ክፍል ጎማ ሲለጥፉ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ሙያውን በልጅነታቸው ከጣሊያን ነው የቀሰሙት። ጎማ በዐይናቸው አያምኑም፤ በብረት መታ መታ አድርገው ያዳምጡታል። እኔም እንደ ከተማው ሰው ሁሉ አያ እላቸዋለሁ።

ግቢውን ሣር ውጦታል። ማኪናዎቹ ደረታቸው ድረስ ሣር ውስጥ ቆመው፣ አንዳንዱ ዐይኑ ወልቆ፣ አንዳንዱ ኮፈኑ እንደተከፈተ ቀርቷል። ዘበኛው ወረቀታችንን ገልብጦ ያዘና በጣቱ ወደ ጥግ ጠቆመን። እዚያ አንድ ረጅም ማኪና አለ፤ የኛዋ ዓይነት ሆኖ ታላቅ ወንድሟን የሚመስል። ከኋላ ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር አለው፤ ሸራው ወደ ታች ወርዶ ታስሯል። ጎማዎቹ ጥርሳቸው ያላለቀ፣ ጥቁር፣ ትልልቅ ናቸው። እኔ በደስታ ክሪኩን ላመጣ ስሮጥ አያ ተንበርክከው የኋላውን ግራ ጎማ በእጃቸው ይዳብሱ ነበር። እጃቸው አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ምነው አያ?»

«ምንም። ይህ ተቆርጦ የተለጠፈ ነው።»

«ታዲያ ይሠራል?»

«ይሠራል» አሉ፤ ትንሽ ቆይተውም «ሠርቷል» አሉ።

አራቱንም ፈትተን ማኪናውን በድንጋይ ላይ አስቀመጥነው። አያ ከግቢው ስንወጣ በየጥቂት እርምጃው እየቆሙ ወደ ማኪናው ዞር ይሉ ነበር። እኔም የእርጅና ድካም ነው ብዬ አለፍኩት።

ሱቃቸው ስንደርስ የኔን ማኪና በክሪክ አነሱና አንዱን ገጠሙት። ጎማውን የሚሸከመው ብረት፣ የቸርኬው፣ አምስት ቀዳዳ አምስቱ ቡሎን ላይ ልክክ አለ፤ መሐሉም ገባ። «ይኸው!» ብዬ ስፈነድቅ፣ «ቆይ» አሉኝ። መሪውን እስከ ጥጉ እንድጠመዝዝ አዘዙ። በጎማውና ከላዩ ጭቃ በሚከለክለው ፓራፋንጎ መካከል ሌባ ጣታቸውን ሊያስገቡ ቢሞክሩ አልገባም። ከዚያ የጎማውን ጎን በምራቅ አርሰው ጠረጉና ቁጥሩን አሳዩኝ። የኔ ጎማ ስድስት መቶ በአሥራ ስድስት ነበር። ይኸኛው ሰባት ሃምሳ በአሥራ ስድስት ነው።

«አሥራ ስድስቱ የቸርኬው ነው፤ ያ እኩል ነው። የፊተኛው ቁጥር የጎማው ውፍረት ነው። ሲወፍር ደግሞ ይረዝማል» አሉና በጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገው ወለሉ ላይ አንድ ዙር አንከባለሉት። በገመድ ለኩት። ሁለት ሜትር ተኩል ሆነ። የኔን አሮጌ ጎማ አንከባለሉ፤ ከአንድ ስንዝር በጥቂቱ በለጥ ያለ አነሰ።

«አየህ፣ ይህ በእያንዳንዱ ዙር ይህን ያህል ይቀድምሃል፤ ቆጣሪህ ግን አያውቅም። መቶ ኪሎ ሜትር ሄደህ ዘጠና ይልሃል። ሰማንያ እየበረርክ ሰባ መስሎህ ትጠመዘዛለህ። ቸርኬው ያንተ ነው፤ ጎማው ግን የሌላ ማኪና ነው። ጎማውን ልፍታውና ልክህ እስኪገኝ ጠብቅ።»

«በሽታው አይጠብቅም አያ።»

ሽማግሌው ጎማውን ተደግፈው ትንሽ ቆሙ። «በሽታውስ አይጠብቅም» አሉና ቡሎኑን ማጥበቅ ጀመሩ።

መስቀል ካለፈ በኋላ ወጣን። ዝናቡ ገና መቆሙ ነው፤ መሬቱ ርጥብ፣ ጉሙ ከወገብ በታች ነው። ዳባትን አልፈን ወደ ደባርቅ ስንሄድ ማኪናዋ ከወትሮው ከፍ ብላ፣ መንገዱ ራቅ ብሎ ታየኝ። ደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን እንደ ስሜ አውቃለሁ። ቆጣሪው ዘጠና ሳይሞላ ከተማው ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ።

ሐኪሙ ቆጣሪውን አየና «ዛሬ አገሩ አጥሯል» አለ። ሊስቅ ፈልጎ አልሳቀም። እኔም የጎማውን ነገር ላስረዳው ጀምሬ ተውኩት። ምክንያቱ ቢታወቅም፣ ያልደረስክበት የመሰለህ ቦታ ቀድሞህ ቆሞ ሲጠብቅህ ደስ አይልም። በየጠመዝማዛው ደግሞ የፊተኛው ጎማ ፓራፋንጎውን እየታከከ ድምፅ ያወጣል። ሰው በሕመም ተኝቶ ጎኑን ሲገለብጥ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነው።

ከደባርቅ ወዲያ ዋናውን መንገድ ትተን ወደ አንድ የገደል አፍ መንደር ገባን። አምና መጥተን ነበር፤ ሰዉ ከብቱን አሰልፎ፣ ጠላ ጠምቆ ነው የተቀበለን። ዘንድሮም ቀኑን ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ልከን «ይሁን» ተብለናል።

ደርሰን ማኪናዋን አቆምኩ፤ ጥሩምባ ነፋሁ። ማንም አልወጣም።

ከአንዱ ቤት ጭስ ይወጣል። ወደ ውስጥ ብዘልቅ ገብስ ወፍጮው ላይ በከፊል ተፈጭቶ፣ መጁ ወደ ጎን ተደግፏል፤ ዱቄቱን ብነካው አሁን የተፈጨ ነው። በረቶቹ ሁሉ ክፍት ናቸው፤ እበቱ ይጨሳል፤ አንድም ላም የለ። አንድ ውሻ አጥር ሥር ተኝቶ ያየናል፤ አልጮኸም። ሐኪሙ እጁን በአፉ ላይ አድርጎ ወደ ገደሉ ተጣራ። የራሱ ድምፅ ተመለሰለት። ከዚያ ከሥር፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ከብት ሲያገሳ ሰማንና ወዲያው ጸጥ አለ፤ አፉን የያዙት ይመስል።

«እዚያ ናቸው» አለ ሐኪሙ ዝግ ብሎ። «ከኛ ተደብቀው ነው።»

«ምን አደረግናቸው?»

ሸራውን ገልጦ የበረዶ ሣጥኑን አየ። በረዶው መቅለጥ እስኪጀምር ጠበቅን። ሰው አልመጣም። ማኪናዋን አዞርኩ።

ከመንደሩ ወጣ እንዳልን ነው ድንጋዮቹን ያየሁት። ስንመጣ ጎማችን በጭቃው ላይ ባተመው የግራ ዱካ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተቀምጧል። ራቅ ብሎ ሌላ። ከዚያም ሌላ። ሐኪሙ «የልጆች ጨዋታ ነው» አለ። ቀጠልን፤ ድንጋዮቹም ቀጠሉ፤ በቀኙ ዱካ ላይ አንድም የለ፤ በግራው ብቻ፣ አንዱ ካንዱ ያለው ርቀት አይበልጥ፣ አያንስ። አንዱን ጠመዝማዛ ዞርን፣ ሁለተኛውን ዞርን፣ አሁንም አሉ። ስንመጣ አንዳቸውም አልነበሩም። እኛ መንደሩ ውስጥ ቁጭ ብለን ስንጠብቅ አንድ ሰው ከኋላችን መንገዳችንን ሲከተል ኖሯል።

አቁሜ ወረድኩ። የከብት ማሰሪያ ገመድ አውጥቼ ከድንጋይ እስከ ድንጋይ ለካሁ፤ አምስት ክንድ ሆነ። ሁለት ሜትር ተኩል። ቀጣዩንም ለካሁ። ሁለት ሜትር ተኩል። በአያ ሱቅ ወለል ላይ የተለካው ያ ልክ ነው። ጎንበስ ብዬ አንዱን ድንጋይ አነሳሁ። ከሥሩ የጎማው አሻራ አለ፤ በጥርሶቹ መካከል ከዳር እስከ ዳር የተጋደመ ጠባሳ፣ ጫፉ እንደ ከንፈር የተጣጠፈ። አያ የዳበሱት ያ ልጣፍ ነው። ጎማው አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ጠባሳው መሬት ነክቷል፤ በነካበት ሁሉ ሰው ድንጋይ አስቀምጦበታል።

ድንጋዩን ወደ ቦታው መለስኩት። ለምን እንደመለስኩት አላውቅም።

ጥቂት እንደሄድን ከፊታችን ጉሙ ውስጥ አንድ ጥላ ጎንበስ ይላል፣ ቀና ይላል፣ ሦስት እርምጃ ይራመድና ደግሞ ጎንበስ ይላል። ቀረብን። አንዲት እናት ናቸው፤ ሃምሳ ቢሆናቸው ነው። በነጠላቸው ድንጋይ አዝለዋል። የማኪናውን ድምፅ ሰምተው አልሸሹም፤ አልደነገጡም። አንዷን ድንጋይ በእጃቸው እንደያዙ ቀና ብለው አዩን።

«መጣችሁ?» አሉ። እንግዳ ሲጠብቅ የዋለ ሰው አነጋገር ነው።

«እናቴ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ከብት እንዳይረግጠው።»

«ምኑን?»

«ልጄን ይዞ የሄደውን።»

ሐኪሙ ክንዴን ጨበጠኝ። ሴትዮዋ በኛ በኩል አልፈው ወደ ማኪናዋ ኋላ ሄዱና ሸራውን ገልጠው አዩ። ሣጥኑ ብቻ ነው ያለው።

«እዚያ ውስጥ ምን አለ?»

«መድኃኒት ነው እናቴ። የከብት።»

«ክፈተው።»

ከፈትኩላቸው። ብልቃጦቹ በቀለጠ በረዶ ውኃ ውስጥ ይንሳፈፋሉ። ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ ራሳቸው ክዳኑን ዘጉት።

እንዲህ ብለው ነገሩን፤ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ። ልጃቸው የመንደሩ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ልክ በዚህ ወር፣ በጠራራ ፀሐይ ረጅም ማኪና መጥቶ ወሰደው። ወዴት እንደወሰደው የነገራቸው የለም። መሬቱ ያን ጊዜም ርጥብ ነበር፤ ዱካው ደርቆ በጋውን ሁሉ ከረመ። ጠባሳውን በየቦታው ድንጋይ እየጫኑ ጠበቁት። ክረምት ሲገባ ጎርፍ ወሰደው።

«ዛሬ ጥዋት ውኃ ልቀዳ ስወጣ ከመንደሩ ወዲህ ያለው ደጄ ላይ አየሁት። እናንተ በጠመዝማዛው ስትዞሩ በአቋራጭ ሮጬ፣ ቀድሜያችሁ ለሰዉ ነገርኩ። ሰዉ ከብቱን እየነዳ ገደል ገባ። እኔ ግን የወሰደው ነው የሚመልሰው ብዬ ቀረሁ።»

«እናቴ፣ የጎማ ዱካ እኮ ይመሳሰላል» አለ ሐኪሙ።

«ላሜን በኮቴዋ አውቃት የለ? ይህን እንዴት አጣዋለሁ?»

በዚያ ዘመን ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ አልሰማሁም ብሎ መሄድ ነው ልማዱ። ሐኪሙም በዐይኑ «እንሂድ» ይለኛል። እኔ ግን አፌ ቀደመኝ። «ማኪናው ይህች አይደለችም። ጎማው ብቻ ነው። ከሌላ ማኪና ላይ ፈትተነው ነው» አልኳቸው።

«ያ ማኪና የት አለ?»

«ጎንደር ቆሟል።»

ነጠላቸውን ፈትተው ድንጋዮቹን መንገድ ዳር አፈሰሱ፣ ነጠላውን አራግፈው ለበሱና ከኋላ ወጥተው ከሣጥኑ አጠገብ ተቀመጡ። አስወርዳቸው ዘንድ ሐኪሙም አልጠየቀኝም።

 ዳባት ሳንደርስ አንድ ጠመዝማዛ ላይ ጎማው ሲታከክ ከኋላዬ ድምፃቸውን ሰማሁ።

«ማን ነው የሚያቃስተው?»

«ጎማው ነው እናቴ። ልኩ ስላልሆነ ነው።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ይላል?»

«ስጠመዝዘው።»

ከዚያ በኋላ ጠመዝማዛ ባየሁ ቁጥር ፍጥነቴን ቀንሼ፣ መሪውን በጥቂት በጥቂቱ እያዞርኩ ድምፁን ለማጥፋት ታገልኩ። አልጠፋም። ኬላ ላይ ወታደሩ ሸራውን ገልጦ «እኚህስ?» ሲል ሐኪሙ፣ ሲያንገራግር የዋለው ሐኪም፣ «አክስቴ ናት፤ ሐኪም ቤት ላሳያት ነው» አለ። ወታደሩ ሴትዮዋን አያቸው፤ ሴትዮዋም እሱን አዩት። ሸራውን ራሱ መልሶ አሰረልን።

ጎንደር የገባነው ወደ ማታ ግድም ነው፤ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። በቀጥታ ወደ አያ ሱቅ ሄድኩ። ሴትዮዋ ከማኪናው አልወረዱም። በር ላይ ቆሜ ስለ ድንጋዮቹ ለአያ በሹክሹክታ ነገርኳቸው። ጨርሼ ዝም ስል አያ ወደ ውኃው ገንዳ ሄዱና እጃቸውን በሳሙና መታጠብ ጀመሩ። ጥቁሩ ከሙያቸው የመጣ ነው፤ በሳሙና የሚለቅ አልነበረም፤ እሳቸው ግን አሹት፣ አሹት። ከዚያ ወጥተው ከማኪናዋ ኋላ አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ፤ ከሴትዮዋ ትይዩ።

«እቴ» አሉ፣ «ያን ጎማ የለጠፍኩት እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ አንገታቸውን አቀኑ።

«ቀን ነበር። ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች አመጡት፤ ስለት ቆርጦት ጫፉ ተጣጥፎ፣ እንዲያው ሩቅ መንገድ ተነድቶበታል፤ ከውስጥ ብለጥፈውም ጠባሳው ከውጭ እንደነበረ ቀረ። ‹ቶሎ በል› አሉኝ። ከኋላ ሸራው ታስሯል። ሰው እንዳለበት ያወቅኩት በክሪኩ ነው። ባዶ ማኪና ሲነሳ ክንዴ ያውቀዋል። ያ ከባድ ነበር። ጠባቂዎቹ ሲጋራ ሊያጨሱ ዞር ሲሉ ከውስጥ አንድ ሰው ‹አያ፣ ውኃ› አለኝ። ከሸራው ሥር እጅ ወጣ። በጣሳ ሰጠሁ።»

«ድምፁ ወፍራም ነበር?»

«ሹክሹክታ ነው እቴ፤ ድምፅ የለውም።»

«እጁስ?»

«የወጣት እጅ ነው። ከዚያ ወዲያ አላየሁም። ‹አያ፣ ይህ ጎማ ሩቅ ያደርሳል?› አለኝ። እኔ ሞኙ መጽናኛ መስሎኝ፣ ‹ያደርሳል፣ እኔ የለጠፍኩት አይፈታም› አልኩት።» አያ እጃቸውን ገልብጠው አዩት።  «ሦስት ዓመት ሙሉ ጎማ በለጠፍኩ ቁጥር ይህን ነገር እሰማዋለሁ። ልጅሽ ይሁን አይሁን አላውቅም። አውቃለሁ ብዬ አልዋሽሽም።»

ሴትዮዋ ዝቅ ብለው ወደ ጎማው አዩ። እኔና ሐኪሙ የምንገባበት ጠፍቶን ቆመናል።

«እሱ ባይሆንም የእናት ልጅ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ጠጣው?»

«ጠጣው።»

«ጨረሰው?»

«ጣሳውን ባዶውን ነው የመለሰልኝ።»

«እግዜር ይስጥህ አያ» አሉና ያኔ ብቻ፣ ከጥዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ነጠላቸውን ወደ ዐይናቸው ወሰዱ።

ከአያ ባለቤት ዘንድ አድረው በነጋታው ወደ ግቢው ወሰድናቸው። ለዘበኛው «የአያ እኅት ናት፤ ከኛ ጋር ናት» አልነው፤ አልጠየቀንም። ማኪናው እንደተውነው በድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ሣሩ ከሥሩ ገብቶ ወለሉን ነክቶታል። ሴትዮዋ አንድ ጊዜ ዞሩት። ሸራውን በራሳቸው እጅ ፈትተው ገቡና ከውስጥ መልሰው ዘጉት። እኛ አጥሩ ዘንድ ቆመን ጠበቅን። ፀሐይዋ ከአጥሩ በላይ እስክትወጣ ድረስ ከዚያ ሸራ ውስጥ ምንም ድምፅ አልተሰማም። አንዴ ብቻ ማኪናው በድንጋዮቹ ላይ ትንሽ ተነቃነቀ፤ ከአንዱ ወንበር ወደ ሌላው ተዛውረው ይሆናል ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ሲወጡ «ጠባብ ነው» አሉ። «እግሩ ረጅም ነበር።»

 አያ ጎማውን ምን እንዲያደርጉት ቢጠይቋቸው «መንገድ ላይ አይሂድ እንጂ እንደፈቀድክ» ብለው በደባርቅ አውቶቡስ ተሳፈሩ።

አያ አራቱንም ጎማዎች ያን ዕለት ፈቱ። ጠባሳ የሌለባቸውን ሦስቱን ወደ ንብረት ክፍሉ መለስን። አራተኛውን በረባሶ የሚሠሩ ሰዎች ሊወስዱት መጥተው ነበር። አያ እንቢ አሉ። ጎማው ጫማ ሆኖ በስንት ሰው እግር ከተማውን ሲዞር ታያቸው መሰለኝ። ከሱቃቸው ጀርባ ጉድጓድ አስቆፍረው ቀበሩት። እኔም አፈር መልሻለሁ።

ልኬ የሆነውን ጎማ ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀብን። አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት በማይሠራ ተሳቢ ላይ ቁጥራቸው ስድስት ሃምሳ በአሥራ ስድስት የሆነ አራት ጎማዎች እንዳሉት ሰማንና ሄድን። አያ እንደ ወትሯቸው መታ መታ አድርገው አዳመጡ፤ በዚያው ቸርኬ ላይ ገጠሙ፤ መሪውን እስከ ጥጉ አስጠመዘዙኝ። በዚህኛው ጣታቸው እንደልብ ገባች ወጣች። አንከባለው ለኩት፤ ከአሮጌው ጎማዬ የሚበልጠው በስንዝር እንኳ አይሞላም። «ከፋብሪካዋ ይዛው እንደወጣችው አይሆንም፤ ግን ይህ ያንተ ነው» አሉኝ።

በዚያ ጎማ ወደ መንደሩ ተመለስን። ሊቀመንበሩ መንገዱ አፍ ላይ ቆሞ ነበር። ሰላም ሳይለን ጎንበስ ብሎ ከኋላችን ያለውን ዱካ አየ፣ ጥቂትም ተከተለው፤ ከዚያ ወደ ገደሉ ዞሮ ተጣራ። ሰዉ ከብቱን እየነዳ ወጣ። እስከ ምሳ ድረስ ስንከትብ ስለዚያ ቀን አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም፤ እኛም አላልን። ሴትዮዋ ላማቸውን ይዘው መጡ። ሐኪሙ መርፌውን ሲወጋ ላሟን በጆሮዋ ይዘው ሲያባብሏት በጀርባዋ ላይ አሻግረው አዩኝና «ቄሱን አነጋግሬያለሁ» አሉኝ። «ተዝካሩን ለጥር አስቤዋለሁ። እስካሁን ይመጣል እያልኩ ነው ያላወጣሁት።» ሄድን። በተዝካሩ ላይ አያም መጡ፤ ከቄሶቹ ዝቅ ብለው ተቀምጠው እስኪያልቅ ድረስ አልተነሡም።

በሽታው በዚያ ዓመት ሁለት ቀበሌ ጎድቶ ያን መንደር ሳይነካው አለፈ።

በሚቀጥለው ዓመት ወደ ጭልጋ ተዛወርኩ። ማኪናዋን የተረከበኝ ሾፌር ወጣት፣ ጠያቂና ደስተኛ ሰው ነበር። ቁልፉን ከመስጠቴ በፊት ከአያ ሱቅ ነጭ ቀለም ተውሼ፣ ከመሪው ሥር፣ ሾፌሩ ብቻ በሚያየው ቦታ፣ የጎማውን ቁጥር ጻፍኩለት።

«ከዚህ ሌላ ልክ አትግጠምባት» አልኩት።

«ምነው?»

«መሪው ይከብዳል» አልኩት።

ወጣቱ መሪውን ወዲያና ወዲህ አዙሮ ሞከረና «ሸጋ ነው» ብሎ ሞተሩን አስነሣ።